እግሩ አልደከመም፣ ጭንቅላቱ ነው የዛለው

ሰሞኑን ማታ ባሕር ዳር፣ ቀበሌ 14 አካባቢ ካለች አንዲት ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጬ ነበር። ጨዋታው 60ኛው ደቂቃ ላይ ደርሷል። የምንደግፈው ቡድን 1 ለ 0 ይመራል። ቤቱ ግን ጭር ብሏል። ማንም አይጨፍርም። ሁሉም የሚጠብቀው የሚቆጠርብንን ጎል ነው። ከጀርባዬ የነበረ ልጅ ድንገት "እነዚህ ልጆች ደክሟቸዋል እኮ!" አለ። አጠገቡ ያለው አላስጨረሰውም። "ምን ይደክማቸዋል? ሥራቸው ኳስ መጫወት ብቻ! አልፈለጉም በለኛ!"

ክርክሩ እዚያው ጦፈ። አንዱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሮጡ ይቆጥራል፣ ሌላው ደሞዛቸውን ያነሳል። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ሁለቱም የተነሱት ከአንድ ስህተት ስለመሰለኝ ነው። ሁለቱም ድካም ሲሉ የሚታያቸው እግር ነው። በውድድር ዘመኑ ማገባደጃ ላይ ቡድን ሲንገዳገድ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚዝለው ግን ጭንቅላት ነው። ይሄ ደግሞ ሰበብ አይደለም፣ ተለክቶ የታየ ነገር ነው። እስኪ በቀላሉ ላስረዳ። (የውጭ ጨዋታና ጥናት ዓመቶችን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ የኛን ሊግ ደግሞ በኛው።)

በ2009 ሳሙኤሌ ማርኮራ የሚባል ጣሊያናዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር 16 ሰዎችን ይዞ አንድ ሙከራ ሠራ። አንድ ቀን ሰዎቹን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው ለ90 ደቂቃ አሰልቺ ሥራ ሰጧቸው። ፊደሎች እየተከታተሉ ይመጣሉ፤ ትክክለኛው ቅደም ተከተል ሲመጣ አንዱን ቁልፍ መጫን፣ ካልሆነ ሌላውን። ጉልበት አይፈልግም፣ ግን ለቅጽበት እንኳ ልብን መጣል አይቻልም። በሌላ ቀን ደግሞ ያንኑ 90 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም አሳዩአቸው። በሁለቱም ቀን ከዚያ በኋላ ብስክሌት ላይ አውጥተው "እስክታቆሙ ድረስ ንዱ" አሏቸው። ፊልም ያዩ ቀን በአማካይ 754 ሰከንድ ቆዩ። ጭንቅላታቸው የዛለ ቀን 640 ሰከንድ። ያው ሰው፣ ያው ብስክሌት፣ ያው እግር፣ ግን ወደ 2 ደቂቃ የሚጠጋ ልዩነት።

ዋናው ነገር ግን ይሄ አይደለም። ልባቸውን፣ ትንፋሻቸውን፣ ደማቸውን ሲለኩ ልዩነቱን የሚያስረዳ ነገር አላገኙም። ጡንቻቸው ደህና ነው። የተለወጠው ሥራው ምን ያህል እንደከበዳቸው የሚሰማቸው ስሜት ነው። ገና ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ከብዷቸዋል። ስለዚህ "በቃኝ" የሚሉበት ደረጃ ላይ ቶሎ ደረሱ።

ጣና ዳር ያደገ ሰው ይሄን ለመረዳት ብስክሌት አያስፈልገውም። ታንኳን አስቡት። ደንገል ነው፣ ቀላል ነው፣ ደርቆ ውኃ ላይ ሲወጣ ይንሳፈፋል። ሰዓቱ ሲረዝም ግን ደንገሉ ቀስ በቀስ ውኃ ይጠጣል። ታንኳው ይከብዳል፣ ዝቅ ይላል። ቀዛፊው ያው ነው፣ ክንዱ ያው ነው፣ መቅዘፊያውም ያው። ለእያንዳንዷ ቅዝፊያ የሚያወጣው ጉልበት ግን ጨምሯል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከዘጌ በኩል እንጨት ጭነው የመጡ አንድ ሽማግሌ ታንኳቸውን ከውኃ አውጥተው ዛፍ ላይ አስደግፈው ሲያቆሙ አገኘኋቸው። ከሥሩ ውኃው ይንጠባጠባል። "ጋሼ፣ ተበላሸ እንዴ?" አልኳቸው። "ምን ይበላሻል ልጄ፣ ውኃ ጠጥቶ ነው። ፀሐይ ይምታው።" "መቼ ነው ታዲያ የሚመለሱበት?" "ሲደርቅ ነዋ!"

የዛለ ተጫዋችም አልተበላሸም። ውኃ ጠጥቷል። እኛ ደግሞ "ቅዘፍ!" እያልን እንጮኽበታለን።

ወደ ኳሱ እንምጣ። በ2016 የወጣ ጥናት ይሄንኑ ሙከራ በእግር ኳስ ተጫዋቾች ላይ ሞከረው። 30 ደቂቃ ብቻ ነው ያሠሯቸው። "ቀይ" የሚለው ቃል በሰማያዊ ቀለም ተጽፎ ይመጣል፣ ቃሉን ሳይሆን ቀለሙን ተናገር ይባላሉ። እስኪ ሞክሩት፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ያናድዳል። ከዚያ እየተፋጠኑ የሚመላለሱበትን የሩጫ ፈተና ሲወስዱ የሮጡት ርቀት በ16 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ኳስ በማቀበል ፈተናው ላይ ስህተታቸው በዛ፣ ምታቸውም ኃይልና ትክክለኛነት አጣ። ልብ በሉ፣ ይሄ ሁሉ የመጣው በ30 ደቂቃ የጭንቅላት ሥራ ነው። ተጫዋች ደግሞ 90 ደቂቃ ሙሉ ይወስናል። የት ልቁም? ማንን ልያዝ? ላቀብል ወይስ ልያዘው? ልውጣ ወይስ ልጠብቅ? ይሄ በሳምንት ሁለቴ፣ ከመስከረም ወይም ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ሰኔ።

ጭንቅላት ውስጥ ምን ይፈጠራል? ሙሉ ምስሉ ገና እየተጠና ነው፣ ግን ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው አዴኖሲን የሚባለው ነው። አንጎል ሲሠራ ይህ ነገር ይከማቻል፣ የራሱ መቀመጫዎች አሉት፣ እነሱ ላይ ሲቀመጥ እንቅልፍና መዛል ይመጣል። ቡና የሚሠራውም እዚህ ጋ ነው። ካፌይን ያንን መቀመጫ ቀድሞ ይይዝበታል። አዴኖሲኑ አልጠፋም፣ ቆሞ እየጠበቀ ነው። ለዚህ ነው የቡና ንቃት ሲያልቅ ድካሙ በአንዴ የሚወርድብን።

ሁለተኛው በ2022 ፓሪስ ውስጥ የታየ ነው። ተመራማሪዎች ሰዎችን ለስድስት ሰዓት ያህል ከባድ የሐሳብ ሥራ አሠርተው አንጎላቸውን ሲለኩ፣ በፊተኛው ክፍል፣ ራሳችንን የምንገዛበትና የምናቅድበት ቦታ ላይ፣ ግሉታሜት የሚባል ነገር ተከማችቶ አገኙት። ቀላል ሥራ የሠሩት ላይ እንዲያ አልነበረም። እኔን የገረመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። የደከሙት ሰዎች ምርጫ ሲሰጣቸው ቅርብ ያለውንና ጥረት የማይጠይቀውን መረጡ። ትንሽ ገንዘብ ዛሬ ይሻለኛል፣ ብዙው ይቅርብኝ አሉ።

አሁን የደከመውን አማካይ አስቡት። ፊት ለፊት የሚሮጥ አጥቂ አለ፣ ኳሷን በሁለት ተከላካዮች መሐል ማሾለክ ይቻላል። ግን ያ ማየት ይፈልጋል፣ ማስላት ይፈልጋል፣ ድፍረት ይፈልጋል። ጎኑ ደግሞ ተከላካዩ ቆሟል። ወደ ኋላ ይመልሳታል። እኛ "ፈሪ!" እንላለን። እሱ ግን ቀላሉን መርጦ ነው፣ ለዚያውም መምረጡን ሳያውቀው።

ስለዚህ ከወንበራችን ላይ ሆነን የጭንቅላት ድካምን እንዴት እንለያለን? እግር ሲደክም ይታያል፤ ተጫዋቹ እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፣ ባቱን ይይዘዋል፣ ሲፋጠን ይቀደማል። የጭንቅላቱ ግን ስውር ነው። እየሮጠ ነው፣ ግን ወደተሳሳተ ቦታ ነው የሚሮጠው። አንድ ጊዜ ነክቶ ማቀበል የነበረበትን ሁለትና ሦስቴ ይነካል። ማዕዘን ምት ላይ የሚይዘውን ሰው ይረሳል፣ ኳሷን ብቻ ያያል። ለተራ ነገር ዳኛው ላይ ይጮኻል፣ ቢጫ ካርድ ያያል። ቡድኑ ጎል ባገባ በደቂቃዎች ውስጥ ይቆጠርበታል፣ ምክንያቱም ሁሉም በአንድ ጊዜ ተንፍሰዋል።

ከሁሉም በላይ ግን አንገቱን እዩ። ጌይር ዮርዴት የሚባል ኖርዌያዊ ተመራማሪ ለዓመታት ያጠናው ይሄን ነው። ጎበዝ አማካዮች ኳስ ከመቀበላቸው በፊት ባሉት ሰከንዶች ደጋግመው ዞር ዞር ብለው ያያሉ፣ አብዝተው የሚያዩትም ወደፊት የሚያቀብሉት ኳስ የበለጠ ይሳካላቸዋል። የባሕር ዳር ባጃጅ ሹፌር መስቀለኛ መንገድ ላይ እንደሚያደርገው ማለት ነው፤ ሳይቆም፣ ግራ ቀኙን በሁለት እይታ ጨርሶ ያልፋል። ለእኔ የድካም መጀመሪያ ያ አንገት መዞር ሲያቆም ነው። አይቶ የሚቀበል ተጫዋች ተቀብሎ የሚያይ ይሆናል። በዚያች ግማሽ ሰከንድ ተከላካዩ ደርሶበታል።

አርሰናልን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። እዚህ ከተማ ግማሹ ቤት በ2023 ሚያዝያ ወር ላይ የታመመ ነውና። ያን ዓመት ለ248 ቀናት ሊጉን መርተው ሁለተኛ ሆነው ጨረሱ። ሊቨርፑል ሜዳ 2 ለ 0 መርተው 2 ለ 2። በሳምንቱ ዌስትሃም ሜዳ 2 ለ 0 መርተው 2 ለ 2፤ ሳካ ያን ቀን ፔናልቲ ሳተ። ቀጥሎ በሜዳቸው ከመጨረሻዋ ሳውዝሃምፕተን ጋር 3 ለ 3። ያቺን የመጨረሻዋን ቀረብ ብለን እንያት። ጨዋታው ከተጀመረ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። በረኛው ራምስዴል ኳሷን ከኋላ ለማቀበል ሞከረ፣ በቀጥታ ለተጋጣሚ ሰጣት፣ ጎል። የማንም እግር በ28 ሰከንድ አይደክምም። ያ ምት ቀላል ምት ነበር፣ በመስከረም ቢሆን ዓይኑን ጨፍኖ የሚያደርሰው። ከዚያ ማንቸስተር ሲቲ 4 ለ 1 አሸነፋቸው፣ ነገሩም አለቀ።

ይሄ ሁሉ ግን የጭንቅላት ድካም ነው ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ተከላካዩ ሳሊባ መጋቢት ላይ ተጎድቶ ወጥቶ ነበር፣ ቶሚያሱም እንዲሁ። መከላከሉ የተናጋው ከዚያ በኋላ ነው። ሲቲም በሌላ በኩል ጨዋታ በጨዋታ እያሸነፈ ይመጣ ነበር። ሰዎች ነገሩን አንድ ቃል ውስጥ ጠቅልለው ሲያስቀምጡት ደስ አይለኝም። ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች "ወኔ የላቸውም" በሚለው አንድ ስድብ ሥር ይደበቃሉ። አንዱ እስካሁን ያወራነው መዛል ነው።

ሁለተኛው ጭንቀት ነው። ጭንቀትና መዛል አንድ አይደሉም። የዛለ ሰው ትኩረቱ ይበተናል። የተጨነቀ ሰው ግን ትኩረቱ ይበዛል፣ እንዲያውም ሳያስብ ሲሠራው የኖረውን ነገር ማሰብ ይጀምራል። ደረጃ ስትወርዱ እያንዳንዱን እግራችሁን አስባችሁ ለማስቀመጥ ሞክሩ፣ ትደናቀፋላችሁ። ፔናልቲ ላይ ይሄ በደንብ ይታያል። ዮርዴት ትልልቅ ውድድሮች ላይ የተመቱ የመለያ ምቶችን ሲቆጥር፣ "ይሄን ካገባህ አሸነፍን" በሚባለው ምት ላይ ከ10 ተጫዋቾች 9 ያህሉ ያገባሉ። "ይሄን ከሳትክ ወደቅን" በሚባለው ላይ ግን ወደ 6 ይወርዳል። ኳሷ ያቺው፣ ርቀቱ ያው 11 ሜትር። የተለወጠው ሰውየው ለራሱ የነገረው ነገር ነው። እኛም ይሄን በዓይናችን አይተናል። በ2015 የውድድር ዘመን እኛ፣ ባሕር ዳር ከተማ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥለን ሁለተኛ ሆነን ጨርሰን፣ ኮንፌዴሬሽን ካፕ ላይ የታንዛኒያውን አዛም በመለያ ምት ስናልፍ ልጆቹ ያን ሸክም ይዘው ነው የመቱት። የቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን በኋላ ቢያስወጣንም ያቺ ማታ ከልቤ አትወጣም።

ሦስተኛው ለማንም የማይጥም ነው፤ ዕድል ወደ ቦታው ሲመለስ። ቡድን በመጀመሪያው ዙር የመታው ሁሉ ሲገባለት፣ ተጋጣሚ ያገኘው ሁሉ አግዳሚ ሲመልስለት ነጥቡ ከአቅሙ በላይ ይሆናል። ሁለተኛው ዙር ላይ ያው ጨዋታ እየተጫወተ ኳሱ መግባት ያቆማል። እኛ "ወረዱ" እንላለን። አልወረዱም፣ ያኔ ነበር ከፍ ያሉት። ይሄን ለመለየት ውጤቱን ትቶ የሚፈጥሩትን የጎል ዕድል መቁጠር ይበቃል። ዕድል እየፈጠሩ ካላገቡ ታገሡ። ዕድል መፍጠሩን ራሱን ካቆሙ ያኔ ስጉ።

አሁን ወደ ራሳችን ሊግ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የውጭውን ስናወራ የኛን ልጆች ኑሮ እንረሳለን። ከ2013 ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ነው የሚካሄደው። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ለቴሌቪዥን ጥሩ ነው፣ ለሜዳ ጥራትም ይረዳል፣ አልቃወምም። ግን ለተጫዋቹ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሳምንታትን ሆቴል ነው። ከአንድ የቡድን ጓደኛው ጋር አንድ ክፍል። ያው ምግብ፣ ያው ኮሪደር፣ ያው አውቶቡስ። ተሸንፎ ሲመለስ የሚያቅፈው ልጅ የለም፣ አሸንፎ ሲመለስ የሚጠራው ሰፈር የለም። በአራት ቀኑ ደግሞ ሌላ ጨዋታ። አንድ ከተማ ቀኑ ያቃጥላል፣ ሌላው ይበርዳል፣ ማገባደጃው ላይ ደግሞ ዝናብ። ልጅ የወለደ አለ፣ እናቱ የታመመችበት አለ፣ ደሞዝ የዘገየበት አለ፣ ቤተሰቡ ሰላም ማደሩን በስልክ ሲያጣራ የሚያመሽ አለ። ይሄ ሁሉ ሐሳብ ነው። ሐሳብ ደግሞ ከሜዳው ውሳኔ ጋር የሚቀዳው ከአንድ እንስራ ነው።

እስካሁን የጠቀስኳቸው ጥናቶች የአንድ ቀንን መዛል ነው የለኩት። የወራቱ ሌላ ነው፣ ይሄን ማምታታት አልፈልግም። የአንድ ቀኑ ድካም አድሮ ይለቃል። ሳይለቅ በላዩ ሌላ ሲደረብበት፣ እንቅልፉ ሲጎድል፣ እረፍት ሲጠፋ ግን ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። የስፖርት ሥነ ልቦና ባለሙያዎች ሦስት ምልክት ይሰጡታል። ሰውየው ሁልጊዜ ይዝላል። የሠራው ሁሉ ከንቱ ይመስለዋል። የመጨረሻው ይከፋል፤ ኳሱ ራሱ ትርጉም ያጣበታል። በኛ አነጋገር ከኳስ ጋር ይጣላል። እዚያ የደረሰን ልጅ አንድ ቀን እረፍት አይመልሰውም። ለዚህ ነው ቀድሞ ማየት የሚያስፈልገው።

ምን ይረዳል? መጀመሪያ እንቅልፍ። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 11 የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችን ለሳምንታት በየሌሊቱ 10 ሰዓት አልጋ ላይ እንዲቆዩ አደረጓቸው። ሌላ ምንም። ነፃ ውርወራቸው ላይ የሚያገቡት በ9 በመቶ ጨመረ፣ ሩጫቸውም ፈጠነ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ 11 ሰው ነው፣ ግን ከዚህ የረከሰ መድኃኒት አላውቅም።

ከዚያ ስልክ። ብራዚላውያን ተመራማሪዎች ተጫዋቾችን ከጨዋታ በፊት ስልካቸው ላይ ማኅበራዊ ሚዲያ እንዲያዩ አደረጉ። 15 ደቂቃው ብዙም አልጎዳም። 30 እና 45 ደቂቃ ሲሆን ግን ኳስ የማቀበል ውሳኔያቸው ተበላሸ። አውቶቡስ ውስጥ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ሲነካካ ስታዩ ይሄን አስታውሱ። አንዳንድ አሰልጣኝ ስልክ ሲሰበስብ "አምባገነን" እንለዋለን። ልክ ነው የሚሠራው።

ቅያሪም አለ። ከ2020 ወዲህ አምስት ተጫዋች መቀየር ይቻላል፣ ግን ስንቱ አሰልጣኝ ነው እስከ 80ኛው ደቂቃ ድረስ የሚጠብቀው? በርግጥ ለአሰልጣኝም ከባድ ነው፤ ኮከቡን አሳርፎ ነጥብ ከጣለ የምንበላው እሱን ነው። ስብሰባ መቀነስም ይረዳል። ስንሸነፍ የሚመጣው ሐሳብ ተጨማሪ ቪዲዮ፣ ተጨማሪ ንግግር፣ ተጨማሪ ልምምድ ነው። ለዛለ ጭንቅላት ይሄ ውኃ በጠጣ ታንኳ ላይ እንጨት መጨመር ነው። አንዳንዴ የሚሻለው ልጆቹን ሁለት ቀን ቤታቸው መስደድ ነው። ሐይቁ ዳር በእግራቸው ይሂዱ፣ ዓሣ ይብሉ፣ ስለ ኳስ አያውሩ። ቡናም ከጨዋታ በፊት ይጠቅማል፣ በጥናትም ታይቷል። የማታ ጨዋታ ላይ ግን ካፌይኑ ግማሹ እንኳ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፣ እንቅልፉን ይበላዋል። የዛሬውን ብድር ከነገው መክፈል ነው።

እኛስ? ይሄን ክፍል ስጽፍ ይከብደኛል። ባለፈው ዓመት አንድ ሽንፈት ማታ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ለአንድ ተጫዋች ገጹ ላይ ገብቼ ክፉ ቃል ጽፌ አውቃለሁ። ጠዋት ስነሳ አጠፋሁት። ግን አይቶት ነበር። ምልክቱ ያሳያል። ያ ልጅ ሆቴል አልጋው ላይ ተኝቶ የሳተውን ኳስ ለሃያኛ ጊዜ በሐሳቡ እየመታ ሳለ የኔ ጽሑፍ ደርሶታል። እንቅልፉን የወሰድኩበት እኔ ነኝ። በሳምንቱ "ለምን ፈዘዘ?" ብዬ የጮኽኩትም እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ከጨዋታ በኋላ ምንም አልጽፍም፤ የሚጻፍ ካለኝ ጠዋት ነው።

ደጋፊም እንደሚደክም አውቃለሁ። በ2006ቱ የዓለም ዋንጫ ጀርመን በምትጫወትባቸው ቀናት ሙኒክና አካባቢው ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመም ከወትሮው ከሁለት እጥፍ በላይ ጨምሮ ነበር። ስለዚህ "ኳስ ነው፣ ተው" የሚሉኝን አልሰማም፣ ነገሩ ሰውነታችን ውስጥ ይገባል። የልብ ሕመም ያለበት ታላቅ ሰው አጠገባችሁ ካለ ጨዋታውን ብቻውን አያይ።

ወደዚያች ማታ ልመለስና ላብቃ። ክርክሩ ሲጦፍ ከጀርባዬ ወዳለው ልጅ ዞርኩና "እስኪ ስድስት ቁጥሩን ብቻ እይ፣ ኳሷን ተዋት" አልኩት። አብረን ማየት ጀመርን። ኳስ ወደሱ ስትመጣ አንገቱ አይንቀሳቀስም። ተቀበለ፣ ከዚያ ቀና አለ፣ ሰው ላዩ ላይ ነው፣ ወደ ኋላ መለሰ። እንደገና። ሦስተኛው ላይ ተነጠቀ፣ በረኛው ባያድነን ጎል ነበር። "አያይም!" አለ ልጁ። 68ኛው ደቂቃ ላይ አሰልጣኙ አወጣው። ቤቱ ሁሉ ጮኸ፣ "ምን ነካው? ለምን ያወጣዋል?" ልጁ መልስ አልሰጠም። ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ የገባውን ልጅ ያያል። የመጀመሪያዋ ኳስ ወደ ተቀያሪው ስትሄድ ጣቱን ማጠፍ ጀመረ። ወደ ግራ አየ፣ አንድ። ወደ ቀኝ፣ ሁለት። ከኋላው፣ ሦስት። ተቀበለና ሳይቆም ዞረ፣ ፊት ለፊቱ ሜዳው ክፍት ነበር።